«የፍሬን ዘይት» ዘይት አይደለም፦ የዘመናዊ መኪናን የፍሬን ፈሳሽ በቤት ስለ መቀየርና አየር ስለ ማስወጣት

ለአምቦ ከተማና ለምዕራብ ሸዋ ባለመኪኖች፣ ሾፌሮችና ተማሪዎች የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገረው አንድ ሊትር ስለማይሞላ ወይም ከዚያ ብዙ ስለማይበልጥ ፈሳሽ ነው። በአንድ የቤት መኪና ፍሬን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይህን ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ከጌዶ ወደ ባኮ ስትወርዱ፣ ወይም ከወንጪ ተራራ ወደ አምቦ ስትመለሱ፣ የእግራችሁን ኃይል ወደ አራቱ ጎማዎች የሚያደርሰው ይኸው ጥቂት ፈሳሽ ነው። የሞተር ዘይት በየጊዜው እንደሚቀየር የማያውቅ ባለመኪና የለም። የፍሬን ፈሳሽም ዕድሜ እንዳለው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

የምናገረው ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። የፍሬን ፈሳሽ ሳይታይ ያረጃል፤ እርጅናውም የሚገለጠው በቁልቁለት ላይ ነው። ፈሳሹን በቤት መቀየር ይቻላል፤ የሚቻለው ግን በሥራው ጊዜ አየር ወደ ውስጥ እንዳይገባ እስከ መጨረሻው ለሚጠነቀቅ ሰው ነው። ይህ ጥንቃቄ ለእኛ አካባቢ ለምን ከሌላው ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

ሁለት ያሳሳቱን ቃላት

ቋንቋችን ስለ ፍሬን ሲናገር ሁለት ቃላት ያሳስቱናል። የመጀመሪያው «ዘይት» የሚለው ነው። ሁላችንም «የፍሬን ዘይት» እንላለን፤ ነገሩ ግን ዘይት አይደለም። ከነዳጅ ድፍድፍ የሚገኝ ቅባት ሳይሆን በአብዛኛው ግላይኮል ኢተር ከሚባሉ ኬሚካሎች የሚዘጋጅ፣ ከውሃ ጋር የሚዋሐድ ፈሳሽ ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በፍሬን ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ይህን ፈሳሽ እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የሞተር ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ቅርጻቸውንም ያጣሉ። ስለዚህ «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ጥቂት የሞተር ዘይት የሞላ ሰው የጎደለውን አላሟላም፤ ጎሚኒዎቹን በሙሉ አበላሽቷል። ይህ የደረሰበት መኪና ፈሳሹን በመቀየር ብቻ አይድንም፤ ጎሚኒ ያለበት ክፍል ሁሉ መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው ቃል «ፍሬን ተበጠሰ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ፍሬን በሽቦ ይሳብ ለነበረበት ዘመን ይስማማ ነበር። በዛሬው መኪና ግን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲወርድ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር አይገኝም። ቱቦው ደኅና ነው፤ የፈሰሰ ነገርም የለም። የሆነው ሌላ ነው፦ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ ተንኗል። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም ይጠነክራል። መካኒክ ቢመረምረው አንዳች ጥፋት አያገኝም። ጥፋቱ ምስክር ሳይተው ይሰወራልና ሾፌሩ «እኔ ምንም አላጠፋሁም» ሲል የሚያምነው ያጣል።

ውሃ፣ ሙቀትና ከፍታ

አሁን ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። የፍሬን ፈሳሽ እርጥበትን ይስባል። በላስቲክ ቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል፣ በማጠራቀሚያው ክዳን መተንፈሻ በኩል፣ ክዳኑም በተከፈተ ቁጥር፣ ከአየሩ ጥቂት በጥቂት ውሃ ይወስዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀውን የአካባቢያችንን ክረምት ለምታውቁ ሰዎች ስለ አየሩ እርጥበት ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ፈሳሾቹ የሚመደቡት «ዶት» በሚባል መለኪያ ነው፤ ምደባው የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ካወጣው ደረጃ የመጣ ነው። ደረጃው ለእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ዝቅተኛ የመፍላት ነጥቦችን ያስቀምጣል። አንደኛው አዲስና ደረቅ ፈሳሽ የሚለካበት ሲሆን ሁለተኛው ወደ 3.7 በመቶ ገደማ ውሃ የያዘ ፈሳሽ የሚለካበት ነው። ዶት 3 ደረቅ ሲሆን ቢያንስ 205፣ እርጥብ ሲሆን 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ደግሞ ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ይህ ማለት ከመቶ አራት እጅ የማይሞላ ውሃ የዶት 3ን የመፍላት ነጥብ በ65፣ የዶት 4ን በ75 ዲግሪ ይቀንሰዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን መልክዓ ምድር ይገባል። እነዚህ ቁጥሮች የተሰሉት በባሕር ጠለል ላይ ላለው የአየር ግፊት ነው። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የወንጪ ተራራ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል፤ በዚያ ደጋ ባቄላ የቀቀለች እናት ከቆላው ይልቅ ብዙ ማገዶ እንደሚያስፈልጋት ታውቃለች። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የአየር ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እግራችን ከፔዳሉ ላይ ሲነሣ በቱቦው ውስጥ የሚቀረው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቆርቆሮው ላይ ካለው ደረጃ ጥቂት ዲግሪዎች አስቀድመን እንደምንቀንስ ልብ ልንል ይገባል።

ፈሳሽ በተጫኑት ጊዜ መጠኑን አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ ፍሬን የሚሠራውም በዚህ ጠባዩ ነው። እንፋሎትና አየር ግን ይጨመቃሉ። አንድ ጠብታ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል። ያን ጊዜ ፔዳሉን ስንረግጥ የምንጨምቀው እንፋሎቱን እንጂ የምንገፋው የፍሬን ሸራውን አይደለም።

ቁልቁለት በቁጥር

«እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፤ ፍሬኔ ይህን ያህል አይግልም» የሚል ሰው ይኖራል። ቁጥሩን አብረን እናስላው። መኪናው ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎ ግራም ይመዝን። ከጌዶ ደጋ ተነሥተን 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ባኮ ስንወርድ ለምሳሌ ያህል 800 ሜትር ቁልቁል እንሂድ። ክብደቱ በዚህ ከፍታ ሲባዛ ወደ 11.8 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ይኸንኑ መኪና ለማቆም ግን 208 ሺህ ጁል ያህል ብቻ ይበቃል። እንግዲህ ይህ ቁልቁለት መኪናውን ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ56 ጊዜ በላይ አከታትሎ እንደ ማቆም ነው። በዚሁ ጉልበት ከ38 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት ይቻል ነበር።

ከዚህ ጉልበት ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። ሾፌሩ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ከቀየረ ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይሸከመዋል፤ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚባለውም ስለዚህ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚወርድ ሰው ግን የቀረውን ሁሉ በአራቱ ፍሬኖች ላይ ይጭነዋል። ዲስኩ ይግላል፤ ሙቀቱ በሸራው በኩል ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑም ወደ ፈሳሹ ይሄዳል።

ሾፌሮች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አደጋው ሁልጊዜ በቁልቁለቱ መካከል አይመጣም። መኪናው ወርዶ ለቡና ሲቆም ዲስኩን ያቀዘቅዝ የነበረው ነፋስ ይቆማል፤ በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ግን ወደ ፈሳሹ መግባቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ፈሳሹ የሚፈላው ሰው ቡናውን በሚጠጣበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ፍሬን ሲረግጥም ፔዳሉ ይወርዳል። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ከመቆም በፊት ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳይዙ በዝግታ መሄድ፣ ከቆሙ በኋላም ከመነሣት በፊት ፔዳሉን ረግጦ መፈተሽ ይህን ይከላከላል።

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ይህን አያገኘውም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ምርመራው የፍሬኑን ኃይል ይለካል፤ የሚለካው ግን ፍሬኑ ሳይግል ነው። ያረጀ ፈሳሽ ሳይግል ደኅና ይሠራል። ስለዚህ ቦሎ መለጠፉ ለፈሳሹ ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። የፈሳሹ መጥቆርም ብቻውን አይበቃም፤ ንጹሕ የሚመስል ፈሳሽ ብዙ ውሃ ሊይዝ ይችላልና። አስተማማኙ መንገድ ጊዜን መቁጠር ነው። ብዙ አምራቾች በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ይቀየር ይላሉ፤ ቁልቁለት ለሚበዛበት አካባቢያችን 2 ዓመት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቤት የሚሠራውና የማይሠራው

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ድንበሩን እናስምር። ዛሬ የምገልጸው አሠራር ለተለመደው የሃይድሮሊክ ፍሬን ነው፦ እንደ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ላሉ አነስተኛ መኪኖች፣ ኤቢኤስ ኖራቸውም አልኖራቸውም። በአየር ፍሬን የሚሠሩ ከባድ መኪኖች የዚህ ገለጻ አካል አይደሉም። ሃይብሪድ መኪኖችና ፍሬናቸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዳዲስ መኪኖችም አይደሉም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በር ሲከፈት ብቻ በራሳቸው ግፊት ይፈጥራሉ፤ ፈሳሻቸው የሚቀየረው በመመርመሪያ ኮምፒውተር የጥገና ትእዛዝ ከተሰጣቸው በኋላ ነው። ጎሚኒው የሚያፈስ፣ ቱቦው የተሰነጠቀ፣ ወይም ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚወርድ መኪናም መጀመሪያ ይጠገን፤ ፈሳሽ መቀየር የጥገና ምትክ አይሆንም።

ኤቢኤስ ባለው መኪና ላይ ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ጥንቃቄ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። የኤቢኤሱ ክፍል በውስጡ ጥቃቅን ቫልቮች፣ ፓምፕና በተለመደው ጊዜ ዝግ የሆኑ ጓዳዎች አሉት። አየር ወደ እነዚህ ጓዳዎች ከገባ በፔዳል ርግጫ ብቻ ላይወጣ ይችላል፤ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ መመርመሪያ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ይህ መሣሪያ በየጋራዡ የሚገኝ አይደለም። ጌዶ ወይም ቶኬ ላይ በቅዳሜ ከሰዓት ማጠራቀሚያውን ያደረቀ ሰው ፔዳሉ ላልቶበት፣ መኪናውን በራሱ ጉልበት ሊያንቀሳቅሰው የማይገባ ሆኖበት ይቀራል። ስለዚህ የሥራው ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ ይህ ነው፦ ማጠራቀሚያው ከዝቅተኛው ምልክት በታች ፈጽሞ አይውረድ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት አዲስና ያልተከፈተ ፈሳሽ አንድ ሊትር፤ ለአየር ማስወጫው ብሎን የሚስማማ ባለቀለበት መፍቻ፣ ብዙ ጊዜ 8፣ 10 ወይም 11 ቁጥር፤ ብሎኑን አጥብቆ የሚይዝ፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ፤ ባዶ ሃይላንድ፤ ትልቅ መርፌ አልባ ሲሪንጅ፤ ክሪክ፣ የብረት ማቆሚያ፣ የጎማ መፍቻ፣ ጓንትና የዐይን መከላከያ፤ አንድ ባልዲ ውሃም አይቅር። ፈሳሹ የመኪና ቀለምን ይልጣልና የፈሰሰበትን ቦታ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ተከፍቶ ለወራት በመደርደሪያ ላይ የቆየ ቆርቆሮ በቅናሽ ቢገኝም አይገዛ፤ ውሃውን አስቀድሞ ጠጥቷል። ሥራው ዝናብ በሌለበት ቀን፣ በተስተካከለ መሬት ላይ ይደረግ። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ የሚደርቅበት ጥቅምት ለዚህ የሚመች ወር ነው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ማርሹን አስገቡ፤ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፤ የማይነሡትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በሽብልቅ ደግፉ። መኪናውን በክሪክ ካነሣችሁ በኋላ በብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉት። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ የተደራረበ ድንጋይም ማቆሚያ አይደለም። በየመንደሩ ከዚህ የተለየ ሲደረግ እናያለን፤ ይህ ግን ሰው የሚሞትበት ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ ሌላ ሥራ ሳትጀምሩ አራቱም የአየር ማስወጫ ብሎኖች መላላታቸውን አረጋግጡ። በዝገት የተያዘውን በኃይል አትጠምዝዙ፤ ከተሰበረ ትልቅ ወጪ ነው። ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ቆዩ። እምቢ ካለ ሥራውን እዚህ ላይ አቁሙ፤ ገና ምንም አልተከፈተምና መኪናው እንደ ነበረ ነው።

ሦስተኛ፣ የማጠራቀሚያውን አካባቢ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ክዳኑን ክፈቱ። አሮጌውን ፈሳሽ በሲሪንጅ ሳቡ፤ ነገር ግን ከታች ያሉት ቀዳዳዎች እስኪታዩ አትድረሱ። ከዚያ አዲሱን እስከ ከፍተኛው ምልክት ሙሉ። ይህን አስቀድሞ ማድረግ አሮጌው ፈሳሽ በረጅሙ ቱቦ ሁሉ እንዳይዞር ያደርጋል።

አራተኛ፣ የጎማዎቹን ቅደም ተከተል ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ። መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተለመደው ከሩቅ ወደ ቅርብ ነው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻም የፊት ግራ። ኤቢኤስ ያላቸው አንዳንድ መኪኖች ሌላ ቅደም ተከተል አላቸውና መመሪያው ከልማድ ይበልጣል።

አምስተኛ፣ መፍቻውን በብሎኑ ላይ አድርጉ፤ ቱቦውን በብሎኑ ጫፍ ላይ ሰኩ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ጥቂት አዲስ ፈሳሽ ባለበት ሃይላንድ ውስጥ፣ ከፈሳሹ በታች እንዲሆን አድርጋችሁ አኑሩ። እንዲህ ሲሆን ቱቦው አየር መልሶ አይስብም፤ አረፋ ቢወጣም በዐይን ይታያል።

ስድስተኛው ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ረዳታችሁ በመሪው ወንበር ላይ ይቀመጥ። «ርገጥ» ስትሉት በዝግታ ይረግጣል፤ ረግጦ እንደ ያዘም «ይዣለሁ» ይላል። ያን ጊዜ ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ትከፍታላችሁ፤ ፈሳሹ ይወጣል፤ ፔዳሉም ይወርዳል። ብሎኑን ትዘጋላችሁ። «ልቀቅ» የምትሉት ከዘጋችሁ በኋላ ብቻ ነው። ብሎኑ ክፍት ሳለ እግሩን ካነሣ ፍሬኑ በብሎኑ በኩል አየር ይጠጣል። ስለዚህ ረዳቱ ቃላችሁን ሳይጠብቅ የማይንቀሳቀስ ታጋሽ ሰው ይሁን። ከፔዳሉ በታች ትንሽ እንጨት አኑሩ። በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲወርድ የዋናው ፖምፓ ጎሚኒ በተለምዶ በማይደርስበት ዝገትና ቆሻሻ ላይ ይሄድና ሊቀደድ ይችላል፤ እንጨቱ ይህን ይከላከላል።

ሰባተኛ፣ በየአምስቱ ርግጫ ተነሥታችሁ ማጠራቀሚያውን ሙሉ። «ገና አልጎደለም» ብሎ መገመት አይበቃም፤ በዐይን ይታይ። በቱቦው ውስጥ የሚወርደው ፈሳሽ እንደ አዲሱ እስኪጠራና አረፋ እስከማይኖረው ድረስ ቀጥሉ። ሩቁ ጎማ ብዙ ይወስዳል፤ ቅርቡ ጥቂት ይበቃዋል። ከዚያ ብሎኑን በልኩ አጥብቁ። ቀጭንና ውስጡ ቀዳዳ የሆነ ብሎን ስለ ሆነ ብዙ ጉልበት አይችልም፤ በአጭር መፍቻ፣ በአንድ እጅ ብቻ ማጥበቅ ይበቃል። የላስቲክ ቆቡንም መልሱለት፤ ቆቡ አቧራና ጭቃ እንዳይገባ ይጠብቃል።

ከሥራው በኋላ

አራቱ ሲያልቁ ማጠራቀሚያውን እስከ ከፍተኛው ምልክት ሞልታችሁ ክዳኑን ዝጉ። ጎማዎቹን መልሱ፤ መኪናው መሬት ከያዘ በኋላ ብሎኖቻቸውን በደንብ አጥብቁ። ሞተሩን ሳታስነሡ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ መጠንከር አለበት። ሞተሩን ስታስነሡ ጥቂት ይወርዳል፤ ይህ የሰርቮው ሥራ ነውና አያስደንግጣችሁ። ለአንድ ደቂቃ አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ከወረደ፣ ወይም እንደ ስፖንጅ ከላላ፣ መኪናው ከግቢ አይውጣ። በመጨረሻም አራቱም ብሎኖች ደረቅ መሆናቸውን አይታችሁ፣ በሜዳ ላይ በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ ቀጥሎም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሞክሩት። ቁልቁለት የሚሞከረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የቀየራችሁበትን ወርና ዓመት በፕላስተር ጽፋችሁ ማጠራቀሚያው አጠገብ ለጥፉ። መኪናውን ነገ የሚገዛው ሰው ያመሰግናችኋል።

ስለ አሮጌው ፈሳሽ ጥብቅ ቃል አለኝ። ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣፋጭነትም ሊኖረው ይችላል። በእኛ ቤት ደግሞ ሃይላንድ ማለት ውሃ ማለት ነው፤ የተጠማ ሕፃን አንሥቶ ይጠጣዋል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ፈሳሹን ወደ መጣበት ቆርቆሮ ገልብጡና በላዩ ላይ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሃይላንዱንም ቆርጣችሁ ጣሉት። ቆርቆሮውን ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት፤ አሮጌ ፈሳሽ ወደሚቀበል ጋራዥም አድርሱት። ወደ ቦይ አይፈስስ፤ የከተማችን ቦይ መድረሻው ሁሉቃ ወንዝ ነው፤ ከወንዙ በታች ከብት የሚያጠጡና አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ።

ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። የፍሬን ዘይቱ ሲጎድል ሁልጊዜ እሞላለሁ። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሙላት መቀየር አይደለም። አዲሱ ከላይ ይቀመጣል፤ ውሃ የያዘው አሮጌው ግን ሙቀቱ ባለበት በጎማው በኩል ይቀራል። ሌላም ነገር አለ። ፈሳሹ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፤ ስለዚህ ያለ ምክንያት አይጎድልም። ሲጎድል ከሁለት አንዱን እየነገረህ ነው፦ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ከመሙላትህ በፊት ሁለቱንም ተመልከት። አንተ ደግሞ የምትጭነው ሰው ብዙ ነውና ስሌቱ ከቤት መኪና ይልቅ ይከብድብሃል፤ ከ2 ዓመት በፊት ብትቀይር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ብዙ ዓመት በጋራዥ ሠርቻለሁ። ዶት 3 እና ዶት 4 ቢቀላቀሉ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ቢቀላቀሉ ጎሚኒ አይጎዱም፤ የመፍላት ነጥባቸው ግን በመካከል ይሆናል። ዶት 3 የሚጠይቅ መኪና ብዙ ጊዜ ዶት 4 ይችላል፤ ዶት 4 ለሚጠይቅ ግን ዶት 3 አይሰጠው። የሚያሳስተው ዶት 5 ነው። ዶት 5 ከሲሊኮን የተሠራ ስለ ሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ግን ስሙ ቢመስልም የእነ ዶት 4 ወገን ነው። ያችን ነጥብና አንድ ቁጥር ሳያነብቡ መግዛት አይገባም።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ውሃ የሚስብ ፈሳሽ ችግር ከሆነ ለምን ውሃ የማይስብ አይጠቀሙም?

መልስ፦ መልካም ጥያቄ ነው። ውሃ መሳቡ ጉድለቱ ብቻ ሳይሆን ጥቅሙም ነው። ፈሳሹ ውሃውን ባይቀበለው ኖሮ ውሃው ከውጭ መግባቱን አያቆምም፤ ጠብታ ሆኖ ዝቅ ባለው ቦታ፣ ማለትም በጎማው አጠገብ ሙቀቱ ባለበት፣ ይከማች ነበር። እዚያ ብረቱን ያዝገዋል፤ በአምቦ ከፍታም በ93 ዲግሪ ይፈላል። ግላይኮሉ ግን ውሃውን በውስጡ በትኖ ስለሚይዘው የመፍላት ነጥቡ ቢወርድም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው። የሚሰጠን ጊዜ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ መቀየር ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው። በማዕድን ዘይት የሚሠሩ ፍሬኖችም ነበሩ፤ የድሮዎቹ ሲትሮዌን መኪኖች አረንጓዴ ዘይት ይጠቀሙ ነበር፤ ጎሚኒያቸው ግን ለዚያው ተብሎ የተሠራ ነበር።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ አስቤአለሁ። ያኛውም ይህ ነገር አለበት?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና በቁልቁለት ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር አድርጎ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ፍሬኑ እምብዛም አይግልም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሸራው ስለማያልቅ ግን ባለቤቱ ፍሬኑን ይረሳዋል። ፈሳሹ በአገልግሎት ሳይሆን በጊዜ ስለሚያረጅ መኪናው ቆሞም ውሃ ይስባል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከደጋ ቁልቁለት ቢጀምርም ጉልበቱን የሚያኖርበት የለውም፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ተመልሶ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የመቀየሪያውን ጊዜ ከመመሪያው ላይ አንብቢ፤ ሥራውን ግን ተገቢው ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ይሥራልሽ።

ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ የሞተሩን ክዳን ከፍታችሁ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን የዶት ቁጥር አንብቡ፤ ፈሳሹ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ እንደ ሆነም ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን የማታውቁት ከሆነ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።